አስር ጣት ይዞ መግባት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከመሐል ሜዳ ገበያ ስመለስ በላቫጆው በኩል ማለፍ አልወድም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሌላው መንገድ በሚነዳ በግ ተሞልቶ ስለነበር በዚያው አለፍኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን አጥቦ ጨረሰና የውሃውን ሽጉጥ ወደ ገዛ እግሩ አዞረ። ጭቃ የያዘ ጫማውን፣ እግሩ ውስጡ እንዳለ፣ ሊያጥብ ነው። ዘንቢሌን መሬት ላይ ጥዬ ጮህኩበት።

«ጣለው! አንተ ሰውዬ፣ ጣለው ብዬሃለሁ!»

ደንግጦ ለቀቀው። የጮኸችበት አንዲት ሸበቶ ሴት መሆኗን ሲያይ ግን ሳቀ።

«እማማ፣ ምነው? ውሃ እኮ ነው!»

የላቫጆው ማሽን እኛ ስንሠራበት ከነበረው ጋር ሲተያይ ግልገል ነው። ግልገልም ቢሆን ይወጋል። ሰውዬው እግሩን ከጫማው አውጥቶ ጫማውን ለብቻው እስኪያጥብ ድረስ አጠገቡ ቆምኩ፤ እያጉረመረመ አደረገው። ቤቴ ገብቼ ግን ብዕርና ወረቀት ፈለግሁ። ልጆቼ «ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲሉኝ «ቱቦ ሳጥብ» ብዬ ነበር የማልፈው። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

«ውሃ እኮ ነው» የምትለውን ቃል ከገበሬም፣ ከቄስም፣ ከአለቃም ሰምቻታለሁ። በዚያች ማሽን አጠገብ ቆሜ መጀመሪያ የተናገርኳት ግን እኔው ነኝ።

የተወለድኩት ሞላሌ ነው። የመንገድ ጥገናው ሥራ ላይ የገባሁትም ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ነው። ክረምት ያበላሸውን መንገድ ከመስከረም ጀምሮ መጠገን ነበር ሥራው፤ ወንዶቹ ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ እኛ ሴቶቹ እንሸከማለን። ጋሽ ወንድይፍራው የውሃ ግፊት ማሽኗ ካቦ ነበሩ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ የራቤል ሰው፣ በጋ ከክረምት የማይለዩት ወፍራም ካፖርት የሚለብሱ። አንድ ቀን ከድንጋዩ ክምር አጠገብ ጠሩኝ።

«አንቺ፣ ስምሽ ማነው?»

«አስናቀች።»

«ፈላጮቹ ዘንድ ስትደርሺ ለምንድነው የምትቆሚው? ሌሎቹ እኮ ዝም ብለው ነው የሚያልፉ።»

«መዶሻው እስኪያርፍ ነዋ» አልኳቸው። «ሲያርፍ አልፋለሁ።»

«ነገ ወደኔ ነይ» አሉና ሄዱ።

ሻይ አፍዪልን ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ወስደው ማሽኗን ከተሸከመችው መኪና ጎን፣ ከፓምፑ መቆጣጠሪያ አጠገብ አቆሙኝና እዚህ ቆሞ የሚውል ሰው ዓይኑ የማይባዝን መሆን አለበት አሉኝ። እኔም ደስታዬን ለመደበቅ «ታዲያ ይሄ ምን ያስቸግራል፣ ውሃ እኮ ነው» አልኩ። እሳቸው ከጋቢናው ኋላ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ አወረዱና መሬት ላይ አጋደሙት። አራቁኝ። ሽጉጡን ይዘው አንዴ ወዝወዝ አደረጉት፤ ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። ግንዱ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቀዶ ቀረ።

«እስቲ አሁን ድገሚያት» አሉኝ። አልደገምኳትም።

ያ ግንድ የኛ መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንድ ቦይ ይቀዱበታል፤ ይሄ የእገሌ ነው፣ ያ የእገሊት ነው ይላሉ። የኔ ከመሀል ትንሽ ወረድ ብላ ነበረች።

ማሽኗን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መኪናዋ በጀርባዋ የውሃ ቦቴ ተሸክማለች። ስትቆም የሞተሯን ጉልበት ከእግሮቿ ነጥቆ ለፓምፑ የሚሰጥ ማርሽ አላት። ፓምፑ ከቦቴው ውሃ እየሳበ በወፍራም ጎማ ይገፋል፤ ከጎማው ጫፍ አንዴ የእጅ ሽጉጥ፣ አንዴ አፈሙዝ ይገጠማል። በሽጉጡ የድልድይ ሲሚንቶ እንልጣለን፣ የግሬደር ጭቃ እናራግፋለን። አፈሙዙ ደግሞ በመንገድ ሥር የተቀበሩ፣ ደለል የዘጋቸውን ቱቦዎች ለመክፈት ነው። ውሃውን ወደ ኋላ ስለሚተፋ ራሱን ወደ ፊት እየገፋ፣ ጎማውን እየጎተተ ይገባል፤ እንደ አይጥ። ሰፊ ቱቦ ውስጥ ከገባ ግን ዞሮ ሊመጣብህ ይችላል። ለዚህ ጋሽ ወንድይፍራው ከአፈሙዙ ኋላ ከቱቦው ስፋት የሚረዝም ቀጥ ያለ ብረት ሳይገጥሙ አንድም ቀን አስገብተው አያውቁም። ብረቱ መዞሪያ ይከለክለዋል። ከብረቱ ኋላ ያለውን ጎማ ቀይ ቀለም ይቀቡታል፤ ስንጎትት ቀዩ ብቅ ካለ አፈሙዙ ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው፣ እኔ ወዲያው ግፊቱን መቁረጥ አለብኝ።

ፓምፑ ሲጮህ ሰው ሰውን አይሰማም። የምንነጋገረው በእጅ ነው። የተጨበጠ እጅ ከፍ ካለ፣ ማንም ያንሳው ማን፣ ሥራ ይቆማል። የቀን ሠራተኛ እንኳ ቢያነሳ ይቆማል። አንዴ አንድ አለቃችን ለጉብኝት መጥተው እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ ሰብቀው እንኳን ደህና ቆያችሁኝ ሲሉን ፓምፑን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ጋሽ ወንድይፍራው ያን ቀን እንደሳቁት ስቀው አያውቁም። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ ሪፖርት፣ ደመወዙም እንደነገሩ ነበር። የማስታውሰው ግን የሥራውን ወግ ነው።

የሽጉጡ ምላስ ጣት ሲነሳ ይዘጋል። ሰው ሲወድቅ ውሃው አብሮት እንዲሞት ነው። ጣት ስለሚያደክም ግን ምላሱን በሽቦ ማሰር የሚወድ ሰነፍ በየቦታው አለ። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ተመድበን በነበረበት ጊዜ አንድ ከሌላ ቦታ የተዛወረ ሠራተኛ እንዲህ አስሮት ጋሽ ወንድይፍራው አዩት። ከዚያ በፊት ሲቆጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው ኪሳቸው ከተቱና «ሽቦ ከፈለግህ አጥር እጠር፣ ሂድ!» ብለው ለሳምንት ያህል ታኮ አቀባይ አደረጉት። ታኮ ማለት መኪናዋ እንዳትንሸራተት ከኋላ እግሮቿ ሥር የምናደርገው እንጨት ነው። ሰውዬው በኋላ ከሁላችን በላይ ጠንቃቃ ወጣው።

ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ቁራጭ ካርቶን ነበረች። ጎማው ቀዳዳ አወጣ ብለው ከጠረጠሩ ካርቶኗን በጎማው ላይ ያስኬዷታል፤ ውሃው ካርቶኗን ይበሳና ቦታውን ያሳያል። «እኔ የምሰጣት ካርቶን ነው፤ እናንተ ከጣት ሌላ ምን አላችሁ?» ይሉናል። ማታ ማታ ውርጭ ሳይመጣ ፓምፑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያፈሱታል። ሞተር ከጠፋ በኋላም ሽጉጡን ወደ መሬት ተጭነው በጎማው ውስጥ የተኛውን ግፊት ሳያስወጡ መጋጠሚያ አይፈቱም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሰላምታቸው ነው። ጠዋት፣ ጓንት ከማድረጋችን በፊት፣ እያንዳንዳችንን በሁለት እጃቸው ይጨብጡናል። ማታ ጓንት ከወለቀ በኋላ ደግመው ይጨብጡናል። አጨባበጣቸው ረዥም ነው፤ ጣት በጣት ይዳብሳሉ። «አስር ይዘሽ ወጣሽ፣ አስር ይዘሽ ግቢ» ይላሉ ሲጨርሱ። ሽጉጥ ያዣችን ሽፈራው «ጋሼ እኮ እንደ ገበያ በግ ነው የሚዳብሱን፤ ለፋሲካ ሊያርዱን ነው» እያለ ያስቀን ነበር።

ሽፈራው የመሐል ሜዳ ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ባና ሸማኔ ነበሩ፤ እሱም ቅዳሜና እሁድ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሙሉ ቀን፣ ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ ይሠራል። እጁን ያየ ሰው ለሽመና የተፈጠረ ነው ይላል፤ መወርወሪያዋ በቀኝ እጁ ስትሄድ ዓይን አይከተላትም ነበር። ሽጉጡንም የሚይዘው እንደዚያው ነው፣ ሳይጨብጠው የያዘው ይመስል ነበር።

አንድ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ ሞላሌ ላይ ነበርን። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ከምእመናን ጋር ሆነው ወደ ካምፓችን መጡ።

«ልጄ ወንድይፍራው፣ ሕዝቡ ከዓመት ዓመት ይበዛል» አሉ። «በመርጨት ልናዳርሰው አልቻልንም፤ ዳር ያለው ሳይደርሰው እያዘነ ይመለሳል። ይህች መኪናህ ባንድ አፍታ ታዳርሰዋለች።»

«አባታችን፣ ይህች መኪና ለሰው አትሆንም።»

«ስለምን? የምትረጨው ውሃ አይደለም? ተባርኮ ደግሞ ማንን ይጎዳል?»

«ውሃውስ ይባረካል አባቴ። ፓምፑን ማን ይባርክልኛል?»

ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በኛ አገር ለታቦት የተጠየቀን ነገር እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ እድር ውስጥም፣ ገበያም፣ ለቅሶ ቤትም ይከተልሃል። የኔው አክስት ከመሀል ሆነው «የመንግሥት ቱቦ ስታጥቡ ትውላላችሁ፣ ለታቦት ሲሆን ታካብዳላችሁ?» አሉ፤ ለጋሽ ወንድይፍራው ሳይሆን ለኔ። እኔ ወደ መሬት አቀረቀርኩ።

ጋሽ ወንድይፍራው አልተከራከሩም። ግንዱን አስወርደው ቄሰ ገበዙ እግር ሥር አኖሩት። «አባታችን፣ ጣትዎን እዚህ ያስገቡልኝ» አሉ። ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በአንደኛው ቦይ ሰደዱ። እስከ መገጣጠሚያዋ ገባች።

«ምን ቀደደው? መጥረቢያ?»

«ውሃ ነው። ይቺኛዋ የአስናቀች ናት፣ ይቺ የሽፈራው። አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፌባቸው ነው።»

ቄሰ ገበዙ ጣታቸውን መለስ አድርገው አማተቡ። «በስመ አብ ወወልድ! ለካ ከአውሬ ጋር ነው የምትውሉ!» አሉ። አክስቴም ዝም አሉ፤ እሳቸውን ዝም ማሰኘት ከቱቦ መክፈት ይከብዳል።

ጋሽ ወንድይፍራው ግን እዚያ ላይ አልተውትም። የሚከለክል ሰው ብዙ ነው፤ ከልክሎ ደግሞ መላ የሚፈልግ ነው የማይገኘው። ቦቴዋን ሦስት ቀን ሙሉ አሳጠቡን፣ ንጹሕ የምንጭ ውሃ ሞሉባት። ማንም እንዳያስነሳው የፓምፑን ማርሽ በመቀነት ጠፍረው አሰሩት። በጥምቀቱ ዕለት መኪናዋን ከጥምቀተ ባሕሩ በላይ ካለው ዳገት አቆሙና ከቦቴዋ ሥር ተራ የላስቲክ ቧንቧ አወረዱ፤ ቧንቧውን በምስማር በየቦታው በስተውት ነበር። ካህናቱ ባርከው ሲጨርሱ ቫልቩን ከፈቱ። ውሃው በዳገቱ ብቻ እየወረደ እንደ ካፊያ በሕዝቡ ላይ ዘነበ። እስከ ዳር ደረሰ። አንድ ጎረምሳ ከታች «ጋሼ፣ ምነው ደከመ? ነዳጅ አለቀብዎት እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ነዳጁ ሞልቷል ልጄ፤ ቆዳህን ስለምወደው ነው!» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አክስቴ ነጠላቸው ርሶ መጥተው የጋሽ ወንድይፍራውን ጉንጭ ሳሙ።

ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ነው እንግዲህ ያ ቀን የመጣበት።

ክረምት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጓሳ አፋፍ ላይ አንድ ቱቦ እየከፈትን ነበር። ሰማዩ ከብዷል፤ ቱቦው ሳይከፈት ዝናቡ ከቀደመን መንገዱን ይዞት ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ማሽኗን ግቢያቸው የሚያሳድሩልን አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠዋት መሞታቸውን ሰማን። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት የማይታሰብ ነው፤ ሁላችንም ሄደን ሥራውን መተውም አይቻልም። ጋሽ ወንድይፍራው መላውን አገኙለት።

«እናንተ ጨርሱ። እኔ የሁላችሁንም እንባ ይዤ እሄዳለሁ» አሉና ካፖርታቸውን ደርበው በእግር ወጡ። ካርቶኗም በኪሳቸው ሄደች።

ጎማው አሮጌ ነበር። አዲስ እንዲገዛ ጠይቀን «በሂደት ላይ ነው» ተብለናል። ረፋድ ላይ የጓሳ ጭጋግ ወረደ፤ ሰው በአምስት እርምጃ ርቀት ጥላ ብቻ የሚሆንበት ዓይነት። ሽፈራው የቱቦውን አፍ ሲጠርግ ሽጉጡ ደከመበት። ለጓደኛው አቀበለውና ምን እንደሆነ ለማየት ጎማውን እየተከተለ ወደኔ መጣ። በሌላ ቀን ቢሆን ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ እንደ ጭስ ተነስቶ ይታይ ነበር። ጭጋግ ውስጥ ግን ጭስ አይታይም። ሽፈራው በጓንቱ ጎማውን ዳበሰው። እኔ ከመቆጣጠሪያው ሆኜ የማየው ጥላውን ነበር፤ ጎንበስ ማለቱን እንጂ እጁን አላየሁም። ድንገት የተጨበጠ እጅ ከጭጋጉ ከፍ አለ። ወዲያው አጠፋሁ።

ጓንቱን አውልቆ አሳየን። በሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ መርፌ የወጋው የምትመስል ነጥብ ነበረች። ደም የለም። «እሾህ ነው የመሰለኝ» አለና ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ጣቱ ነጣ፣ ቀዘቀዘ። «አይሰማኝም፣ ደንዝዟል» አለ።

የመንዝ ሰው የነጣ፣ የቀዘቀዘ፣ የደነዘዘ ጣት ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ውርጭ መታው። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው፣ ያዳንነው በሽታ ነው፤ መድኃኒቱንም ማንም አያስተምረንም። አንዷ የአካባቢው ሴት የበግ ላት አቅልጣ አመጣች። እኔ ራሴ አሸሁለት። በጠጉር ጠቀለልነው፣ ባና ደረብንበት፣ እሳት ዳር አስቀመጥነው። ሙቀት ሲሰማው «ተሻለኝ» አለን። ተደስተን ወደ ሥራችን ተመለስን፣ ቱቦውንም ከፈትን። ከሰዓት በኋላ ግን እጁ ማበጥ ጀመረ። «ብርድ ሲወጣ እንዲህ ነው» አልን። የምናስብ ሰዎች እኮ ነበርን፤ የምናውቀው ነገር ዓይናችንን ጋረደን።

ጋሽ ወንድይፍራው ፀሐይ ሳትገባ ተመለሱ። እንደ ልማዳቸው እጃችንን ሊጨብጡ መጡ። ሽፈራው ዘንድ ሲደርሱ ባናውን ገለጡ።

«ምን ነካው?»

«ብርድ ነው ጋሼ፣ ውርጭ መቶት ነው» አልኩ እኔ።

ጣቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳበሱት። «አስናቀች፣ ብርድ አንድ ጣት ለይቶ ይመታል?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ከዚያ ጓንቱን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ቀዳዳዋን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

በግፊት የመጣ ውሃ ቆዳን እንደ መርፌ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው ከላይ ይዘጋል፤ ውሃውና የያዘው ዝቃጭ በጣቱ ውስጥ ለውስጥ እየሰነጠቀ እስከ መዳፍ፣ እስከ ክንድ ይሄዳል። ደሙን ያፍነዋል። ቀዝቃዛ የሆነው ደም ስላጣ ነው። እኛ በሙቀት አሳበጥነው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅነው፤ እሳቸው ግን ከኛ በፊት ሌላ ቦታ አይተውት ኖሯል። ያ ጠዋትና ማታ የሚዳብሱን መዳበስ ለምን እንደነበር ያኔ ገባን።

ስልክ ኔትወርክ የለውም፣ አምቡላንስ የለም። ጋሽ ወንድይፍራው የቦቴዋን ውሃ ሜዳ ላይ ለቀቁት፣ ጎማውን እዚያው ጥለው ሽፈራውን ጋቢና አስገቡ። «ባናውን አውልቂለት፣ እጁን ከፍ አድርገሽ ያዢ» አሉኝ። እንቁላል የጫነች ይመስል በቀስታ ሲነዷት የኖሩትን መኪና እንደዚያ ሲነዱ ሳይ አምላኬን ጠራሁ። መሐል ሜዳ ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፣ እጁን ሰነጠቅ አድርጎ አስተነፈሰለትና «ቶሎ ደብረ ብርሃን» ብሎ ሸኘን። ሽፈራው መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ቤቱ ሸማኔ ጉድጓዱ ላይ ተወጥሮ ስለቀረ ያላለቀ ባና።

የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ተቆረጡ። ቀዶ ጥገናውን የሠራችው ሐኪም ወጥታ «እስከ ነገ ጠዋት ቢያድር ኖሮ እጁን ከአንጓው ነበር የማነሳው» አለችን። ጋሽ ወንድይፍራው ኮሪደሩ ላይ ካፖርታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጎልማሳ ሰው፣ ድምፅ አውጥቶ።

ቢሮው ጥያቄ ሲጠይቅ ማንም እንዲናገር አልፈቀዱም። «ካርቶኗ ኪሴ ነበረች፤ ጥፋቱም እዚያው ነው» አሉ። ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዳችን ካርቶን ቆራርጠው አደሉን፤ አሮጌው ጎማም ተቀይሮ እስኪመጣ ሞተሯን አላስነሳም ብለው አለቃውን አስጨነቁት። ጭጋግ ውስጥ መሥራት ቀረ። ትንሽ የምትወጋ ነገር ከተሰማን «ብርድ ነው» ማለት ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ እስክወጣ ድረስ በዚያች ማሽን የተነካ ሰው አላየሁም።

ሽፈራው ከዳነ በኋላ የግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ወንድይፍራው ቤቱ ይሄዳሉ፤ ሸማኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ክር ያቀብሉታል። መወርወሪያዋን በግራ እጁ ለመልመድ ብዙ ተሠቃየ። ስትወድቅበት ይሳደባል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ያነሳሉ። እንዲህ ሆኖ የጨረሰው የመጀመሪያ ባና ጠርዙ እንደ ራቤል መንገድ የተጣመመ ነበር። ሊያቃጥለው ሲል ጋሽ ወንድይፍራው ነጥቀው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ የሚለብሱት እሱን ነው። «ከዚህ የሚሞቅ የለም» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ካቦነቱን ለኔ ተዉልኝ። ወንዶቹ መጀመሪያ አንገራገሩ፤ ጠዋት ሁሉንም በሁለት እጄ ስጨብጣቸው ግን ተዉት። ግንዱም ካርቶኑም ቀይ ቀለሙም እንዳለ ቀጠለ። እኔ የጨመርኩበት ነገር የለም፤ እንዳይጎድል መጠበቅ ራሱ ሙሉ ሥራ ነበር።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ሆነና ሸኙኝ። ካምፑ ውስጥ ዳቦ ተቆረሰ፣ አለቃው ንግግር አደረጉ። ጋሽ ወንድይፍራው በሽፈራው ክንድ ተደግፈው መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ያ የተጣመመ ባና ትከሻቸው ላይ ነበር። አጠገቤ አስቀመጧቸው። ወዲያው እጄን ፈለጉ፣ እንደ ድሮው ጣት በጣት ዳበሱኝ።

«አስር» አሉ። «ይዘሽ ገባሽ። እሰይ!»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የሁላችንን ጣት ሲዳብሱ የሳቸውን የዳበሰ ሰው አልነበረም። እጃቸውን ገልብጬ ያዝኩና ከአውራ ጣታቸው ጀመርኩ። ዝም ብለው ሰጡኝ። መዳፋቸው የከረመ ቆዳ ይመስላል፤ አንድም ጠባሳ የለበትም።

«አስር ናቸው ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎም ይዘው ገብተዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስምንት በይ። የሽፈራውን ሁለቱን ከኔ ላይ ቀንሺ።»

 ሽፈራው ከጎናቸው ተቀምጦ ነበር። ሦስት ጣት የቀረውን ቀኝ እጁን አንስቶ በእጃችን ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሒሳቡን ከርስዎ የተሻለ አውቀዋለሁ» አለ። «ያን ቀን አምስት ይዤ ልገባ ነበር። እርስዎ ስለነዱ ነው በስምንት የምሸምነው።»

ጋሽ ወንድይፍራው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ከአውራ ጣቱ ጀምረው እንደገና መዳበስ ጀመሩ።